የኢንሹራንስ ሪፖርት ዳታቤዝን ከኦራክል ወደ ክላውድ ማዛወር፦ የ6 ሳምንት ጥናት ላይ ምን ይቅደም?

ሰንጠረዥ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። አማካሪ ድርጅት ውስጥ በክላውድ ዳታ አርክቴክትነት ለምትሠሩ ሰዎች የሚሆን ጥያቄ አለኝ። ደንበኛው አዲስ አበባ ያለ ኢንሹራንስ ነው። ያለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ኦራክል 19ሲ ላይ 18 ቴራባይት የሪፖርት ዳታቤዝ፣ ወደ 140 የሚጠጉ ሪፖርቶች፣ 40 ቅርንጫፎች፣ ሌሊት ከ6 እስከ 11 ሰዓት የሚሮጥ የዳታ ጭነት፣ 100 ሜጋቢት መስመር። ውሉ የ6 ሳምንት ጥናትና ዲዛይን ነው። የሚረከቡት የዲዛይን ሰነድ፣ የወጪ ግምትና የማዛወሪያ ዕቅድ ነው። ሥራ አስኪያጆቹ የሚጠይቁት "የትኛው ክላውድ ይሻላል?" ብቻ ነው። ከየት ይጀመራል? 18 ቴራባይቱስ በዚህ መስመር ይወጣል ወይ?

ጎተራ

"የትኛው ክላውድ" የሚለውን ጥያቄ ቢያንስ እስከ አራተኛው ሳምንት አትመልሰው። ቀድመህ ከመለስክ ቀሪው ጥናት የመለስከውን ማስረጃ ፍለጋ ይሆናል።

መጀመሪያ 18 ቴራባይት የሚለውን ቁጥር አትመነው። ያ ዲስክ ላይ የተያዘው ቦታ ነው። ውስጡ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) አለ፣ አንዱ (UNDO) እና ቴምፕ (TEMP) የሚባሉት የኦራክል ጊዜያዊ የሥራ ቦታዎች አሉ፣ ባዶ ቦታ አለ፣ ከዚያም አንድ ሰው "ለማንኛውም" ብሎ የገለበጣቸው ሰንጠረዦች አሉ። ከኦራክል የሴግመንት ዝርዝር ላይ በዓይነት ደምረህ ሰንጠረዦቹን ብቻ ለያቸው። ኢንዴክስ ወደ ክላውድ ማከማቻ አይሄድም። የሰንጠረዦቹ ድምር 6 ቴራባይት ቢሆን አይግረምህ። ከዚያ ሦስቱን ትልልቅ ሰንጠረዦች ወስደህ ከእያንዳንዱ የአንድ ወር ዳታ ወደ ፓርኬ (ዳታን በዓምድ ጨምቆ የሚያስቀምጥ) ፋይል ለውጥና ስንት እንደሆነ ለካ። ግምት ላይ የምትጽፈው የለካኸውን እንጂ ከሻጭ ብሮሹር ያነበብከውን አይደለም።

ሁለተኛ፣ 140ውን ሪፖርት ማን እንደሚከፍታቸው እወቅ። የ13 ወር ሎግ ውሰድ፤ 12 ወር ብቻ ከወሰድክ የዓመት መዝጊያ ሪፖርቶች ጫፍ ላይ ሊያመልጡህ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኦራክል ውስጥ የኩዌሪ (ዳታቤዙ የተጠየቀው ጥያቄ) ታሪክ የሚገኝባቸው የኤ.ደብሊው.አር ሰንጠረዦች "ዲያግኖስቲክስ ፓክ" የሚባል ለብቻው የሚከፈልበት ላይሰንስ ይጠይቃሉ። ሰንጠረዦቹ ተከፍተው ስለሚታዩ ነጻ ይመስላሉ፤ ግን አጠቃቀሙ ይመዘገባል፣ የላይሰንስ ኦዲት ሲመጣ ደንበኛውን ዕዳ ውስጥ የከተተው አማካሪው ሆኖ ይገኛል። ላይሰንሱ እንዳላቸው በጽሑፍ እስክታይ ድረስ የሪፖርት ሰርቨሩን የራሱን ሎግ ተጠቀም። እሱ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን እንደከፈተ ይነግርሃል፣ ይበቃሃል።

ናት_ጌትዌይ (ዱባይ)

የመስመሩን ሒሳብ ልሥራልህ። 100 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት 12.5 ሜጋባይት ነው። 80 በመቶው ቢገኝ 10 ሜጋባይት በሰከንድ። 18 ቴራባይት በዚህ ፍጥነት 1.8 ሚሊዮን ሰከንድ ይፈጃል፤ ከ20 ቀን በላይ፣ ያለማቋረጥ። ጎተራ እንዳለው ተጣርቶና ተጨምቆ 2 ቴራባይት ከሆነ ግን 200,000 ሰከንድ ነው፤ ወደ 56 ሰዓት። መስመሩን ቀን ለቅርንጫፎች ትተህ በየሌሊቱ ለ10 ሰዓት ብቻ ብትጠቀም 6 ሌሊት ይበቃል። ስለዚህ "መስመሩ አይችልም" ከማለትህ በፊት ማጥራቱን ጨርስ። ግን የሌሊቱ ጭነትም ያው መስመር ላይ ከሆነ ሁለቱን አትደርባቸው።

መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር እስኪነሳ መስመሩ ይቆረጣል፤ ይህን በዕቅዱ ላይ እንደ ተለመደ ነገር ጻፈው። ፋይሎቹን በየ64 ሜጋባይት ቆርጠህ በመልቲፓርት ላክ፤ የተቋረጠው ቁራጭ ብቻ እንደገና ይሄዳል። ኤስ3 (የአማዞን ክላውድ፣ የኤ.ደብሊው.ኤስ የፋይል ማከማቻ) ላይ አንድ ፋይል ከ10,000 ቁራጭ አይበልጥም፣ ከመጨረሻው በቀር ቁራጩም ከ5 ሜጋባይት አያንስም። የሚረሳው ነገር ይኸውልህ፦ ተጀምረው ያልተጠናቀቁ ቁራጮች በተራው የፋይል ዝርዝር ላይ አይታዩም፤ ግን በየወሩ ይከፈልባቸዋል። ባኬቱን (ኤስ3 ላይ ፋይሎቹ የሚገቡበትን ማስቀመጫ) የፈጠርክ ዕለት ያልተጠናቀቁትን ከ7 ቀን በኋላ የሚያጠፋ ደንብ አስገባ።

ሌላው ስሜ ላይ ያለው ነገር ነው። ፕሮሰሲንግ የሚሠሩት ማሽኖች በግል ሰብኔት (ከኢንተርኔት በተዘጋ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ ሆነው ኤስ3ን በናት ጌትዌይ (ከዚያ ወደ ውጭ በሚያወጣው በር) በኩል ካነበቡ፣ ጌትዌዩ በየጊጋባይቱ ያስከፍላል፤ አሜሪካ ቨርጂኒያ ሪጅን (የክላውዱ ዳታ ማዕከሎች ያሉበት አካባቢ) ላይ 0.045 ዶላር ነው። 5,000 ጊጋባይት ካለፈ 225 ዶላር፣ ለምንም። ለኤስ3 የሚሆነው የጌትዌይ ኢንድፖይንት ነጻ ነው፤ ሩት ቴብሉ (የኔትወርኩ የመንገድ ሰንጠረዥ) ላይ ማስገባት ብቻ ነው።

ፍሬዘር_ቢሾፍቱ

ሪጅን ስትመርጡ ካርታ አትዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሦስቱ ትልልቆች ሪጅን የለም። አፍሪካ ላይ ኤ.ደብሊው.ኤስ ኬፕታውን፣ አዡርና ጎግል ደግሞ ጆሃንስበርግ አላቸው። የእኛ ዓለም አቀፍ ትራፊክ በጎረቤት አገሮች አልፎ ባሕር ኬብል ላይ ስለሚወጣ "አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ቅርብ ነው" የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። ከደንበኛው ቢሮ፣ በሥራ ሰዓት፣ ለአንድ ሳምንት በየ5 ደቂቃው ወደ ሦስትና አራት ሪጅን የምልልሱን ጊዜ ለኩ፤ አማካዩን ሳይሆን 95ኛውን ፐርሰንታይል (ከ100 ልኬት 95ቱ የማያልፉትን) መዝግቡ። ለሪፖርት ሥራ 150 ሚሊሰከንድ ብዙም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የሚጠፋው ፓኬት ነው።

ደግሞም ሁሉም አገልግሎት በሁሉም ሪጅን የለም፤ ዋጋውም አንድ አይደለም። እንደ ኬፕታውን ያሉት የኤ.ደብሊው.ኤስ ሪጅኖች አካውንቱ ላይ ካልበሩ በቀር አይሠሩም። የምትሉትን አገልግሎት ሁሉ በዚያ ሪጅን ከፍታችሁ ሞክሩ፣ ዲዛይኑ ከጸደቀ በኋላ "እዚህ የለም" ከማለት ያድናል።

ከሁሉም በፊት ግን ሕጉ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ያስቀምጣል። የጤና መድን ካሳ ጥያቄ ውስጥ የሕመም መረጃ አለ፤ ይህ ከተራ ስምና ስልክ የከበደ ነው። የደንበኛው የሕግ ክፍል "ይቻላል፣ በዚህ ሁኔታ" ብሎ በደብዳቤ እስኪጽፍ ድረስ ስዕል አትሳሉ። ደብዳቤውን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ የሚዘገየው እሱ ነው። ዲዛይኑ ላይ ደግሞ ስም፣ ስልክና ፋይዳ ቁጥር አገር ውስጥ በቶክን (በምትክ ኮድ) ተተክተው እንዲወጡ፣ የቶክኑ ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ደንበኛው ቢሮ እንዲቀር አድርጉ። ለ140ው ሪፖርት የአብዛኛው ፍላጎት ድምር ስለሆነ ስም አያስፈልገውም።

ሰንጠረዥ

አመሰግናለሁ። የስም ነገር ከተነሳ፣ ዳታው ውስጥ የአማርኛ ስሞች አሉ፤ አንዳንዱ ዓምድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየው። አንዳንዱ ደግሞ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ነው። ይህ ይድናል?

እቴጌ_ዩኒኮድ

ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የጥያቄ ምልክቱ አይድንም። ግዕዝን በማይዝ የፊደል ኮድ ውስጥ ሲጻፍ ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ተተክቷል፤ ዲስክ ላይ ያለው እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ነው። ማዳኛው ከወረቀት ፎርሙ ወይም ከዋናው ሲስተም እንደገና ማምጣት ብቻ ነው። ስንት ረድፍ እንደሆነ ቆጥረህ በሥራ ወሰኑ ላይ "አይጨምርም" ብለህ ጻፈው፤ አለበለዚያ በመጨረሻ አንተ ላይ ይወድቃል። የላቲን ድርድሩ ግን ከዩኒኮድ በፊት ከነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እሱ ይድናል፤ ግን የየትኛው ፎንት እንደሆነ ለይቶ በየፎንቱ የመቀየሪያ ሰንጠረዥ ማለፍ አለበት። አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ፎንት ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚለየው ጸሐፊው የነበረበት ቅርንጫፍና ዓመቱ ነው።

ቀጥሎ ርዝመት። በዩ.ቲ.ኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። "ወልደገብርኤል ገብረመድኅን ተክለሃይማኖት" የሚለውን ስም ቁጠረው፦ 23 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ። 25 ቁምፊ ነው፣ ቫርቻር 50 (የ50 ርዝመት የጽሑፍ ዓምድ) ላይ ይገባል ትላለህ። በባይት ግን 69 ሲደመር 2፣ 71 ነው። ሬድሺፍት (የኤ.ደብሊው.ኤስ የሪፖርት ዳታቤዝ) የቫርቻርን ርዝመት የሚቆጥረው በባይት ነው፤ ስለዚህ አይገባም። ስኖውፍሌክና ፖስትግሬስ የሚባሉት ዳታቤዞች በቁምፊ ይቆጥራሉ፤ ይገባል። ኦራክል ደግሞ ሰንጠረዡ ሲፈጠር በባይት ወይም በቁምፊ ተብሎ እንደተወሰነው ነው። አንዱ የሙከራ ጭነት ያልፋል፣ ሌላው ሺህኛው ረድፍ ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ማመሳሰሉ ላይ ተጠንቀቅ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ለኮምፒዩተሩ አራት ሰዎች ናቸው። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም፤ አንተ ነህ የምታደርገው። የተጻፈውን ስም ሳትነካ አስቀምጥ፣ አጠገቡ የማመሳሰያ ዓምድ ጨምር፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው፤ በተጨማሪም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፤ ሁለት ነጥብና ክፍት ቦታም ይውጣ። ግን ይህን ከማድረግህ በፊት በሰረዝ ያጠሩትን ስሞች ለይ። ኃ/ማርያም ኃይለማርያም፣ ሀ/ማርያም ሀብተማርያም ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉን ቀድመህ ካዋሃድክ ሁለት ሰው አንድ ሆነ። ወ/ማርያም ወልደማርያምም ወለተማርያምም ነው፣ ጾታው ሁሉ ይለያያል። በራስህ አትዘርዝራቸው፤ ለሰው ዓይን የሚታዩ ብለህ በተለየ ዝርዝር አውጣቸው። የመጀመሪያና የቤተሰብ ስም የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያሉት ሞዴል ከውጭ ቴምፕሌት ቀድተህ እንዳትመጣ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ሦስት ዓምድ።

ጳጉሜ_13

እቴጌ ስለ ስም እንዳለችው፣ ስለ ቀንም ያው ነው፤ ይብሳል እንጂ። የኢትዮጵያ ቀን በተራ የቀን ዓምድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ጥቅምት 30 እንደ 30/02 ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ሲስተሙ ይጮኻል፤ ጳጉሜም በ13ኛ ወርነቱ ይጮኻል። እነዚህ ጥሩዎቹ ናቸው። መጥፎዎቹ ዝም ብለው ያለፉት ናቸው፤ 05/04/2013 ብሎ ታኅሣሥ 5ን የጻፈው ሰው ኤፕሪል 5 ሆኖለት ተቀምጧል። መፈለጊያው ቀላል ነው፤ የፖሊሲው ቀን ረድፉ ከተመዘገበበት የሲስተም ቀን በ7 ወይም በ8 ዓመት የሚያንስባቸውን በቅርንጫፍ ደምረህ አውጣ። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተከማችተው ታገኛቸዋለህ።

መቀየሪያውን በኩዌሪ ውስጥ በመደመርና በመቀነስ አትሥራ። የቀን ሰንጠረዥ ሥራ፤ በቀን አንድ ረድፍ፣ ከ1960 እስከ 2060 ዓ.ም.፣ የሁለቱም አቆጣጠር ዓመት፣ ወርና ቀን፣ ሩብ ዓመትና በጀት ዓመት ያለው። 37,000 ረድፍ ገደማ ነው፤ ምንም አይከብድም። ፍተሻ፦ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ነበረው፣ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ መዋል አለበት። ሰንጠረዥህ 11 ካለ ስህተት ነው።

በጀት ዓመቱን ደግሞ ፋይናንስ ክፍሉን ጠይቅ እንጂ አትገምት። የመንግሥት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ያ ጁላይ 8 ነው። የፋይናንስ ድርጅቶች የሒሳብ መግለጫ ግን በብዛት እስከ ጁን 30 ነው፤ ያ ሰኔ 23 ነው። የ7 ቀን አረቦን የትኛው ዓመት ውስጥ እንደሚወድቅ የሚወስነው ይህ ነው። ሁለቱንም ዓምድ አስቀምጥ።

ሰዓትም ሁለት ጊዜ ያሳስታል። "ጭነቱ በ6 ሰዓት ይጀምር" ተብሎ በማስታወሻ የተጻፈውን አንዱ ኢንጂነር መርሐ ግብሩ ላይ 06:00 ብሎ ያስገባዋል። ሌሊት 6 ሰዓት በአዲስ አበባ 00:00፣ በዩ.ቲ.ሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ያለፈው ቀን 21:00 ነው። በሰነዱ ላይ ሁልጊዜ ሦስቱንም ጻፍ። ፓርቲሽኑ (የሰንጠረዡ ክፍልፋይ) በዩ.ቲ.ሲ ቀን ከተከፋፈለ ደግሞ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበው ሁሉ በትናንቱ ቀን ውስጥ ይገባል፤ የጁላይ 1 ሌሊት ምዝገባ ጁን 30 ላይ ይታያል። የሒሳብ ቀንን የሰዓት ክልል በሌለው የቀን ዓይነት አስቀምጥ።

ቀጥታ_ስርጭት

ሁሉም ሰው ስለ አንድ ጊዜ ጭነት ነው የሚያወራው። ለውጦቹን በየጊዜው ለማምጣት ሲ.ዲ.ሲ (የተለወጠውን ብቻ ከሎጉ እያነበበ የሚያመጣ ዘዴ) ካሰባችሁ ኦራክሉ ላይ ሰፕልመንታል ሎጊንግ (ተጨማሪ የለውጥ ምዝገባ) መብራት አለበት፤ ይህ የሎጉን መጠን ይጨምራል፣ ዲቢኤውን (የዳታቤዝ አስተዳዳሪውን) ቀድማችሁ አስማሙት። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚህ ነው፦ አርማን (RMAN፣ የኦራክል ባክአፕ መሣሪያ) ባክአፑን ከወሰደ በኋላ የአርካይቭ ሎጉን (የተቀመጠውን የለውጥ መዝገብ) ያጠፋል፣ መስመሩ ለአንድ ቀን ተቋርጦ የነበረው ሲ.ዲ.ሲ ሲመለስ የሚያነበው ሎግ የለም። ያኔ መፍትሔው ከመጀመሪያው እንደገና መጫን ብቻ ነው። ሎጉ ቢያንስ 3 ቀን እንዲቆይ፣ ለዚያም የሚሆን ዲስክ እንዲኖር በዲዛይኑ ላይ በቁጥር ጻፉ።

የኤ.ደብሊው.ኤስን ዲ.ኤም.ኤስ (የዳታቤዝ ማዛወሪያ አገልግሎት) ከተጠቀማችሁ፣ ኦራክል ላይ ልክ ያልተወሰነለት የቁጥር ዓምድ ሲያገኝ በነባሪነት 38 አሃዝ ከ10 ዴሲማል ጋር ያደርገዋል። የጠለፋ ዋስትና ድርሻ 0.333333333333 ተብሎ ከተቀመጠ ጭራው ይቆረጣል። በአንድ ውል ኢምንት ነው፣ ብዙ ትልልቅ ውል ሲደመር ግን ኦዲተር የሚጠይቀው ልዩነት ሊሆን ይችላል። አረቦንና ካሳን ደግሞ በፍሎት (በግምት በሚያስቀምጥ የቁጥር ዓይነት) አታስቀምጡ፤ ዴሲማል።

ሌሎቹ ትንንሽ ናቸው ግን ይነክሳሉ። ኦራክል ባዶ ጽሑፍን እንደ ነል (ምንም እንዳልተሞላ) ይወስዳል፣ ፖስትግሬስ ሁለቱን ይለያል። የኦራክል የቀን ዓይነት ውስጥ ሰዓትም አለ።

ጎተራ

ከዚህ ጋር አንድ ነገር። ዋናው ዳታቤዝ ላይ ሙሉ ጭነት ማስኬድ ቅርንጫፎቹን ስለሚያዘገይ ሰዎች "ከስታንድባዩ (ለአደጋ ከተቀመጠው ቅጂ) እናንብብ" ይላሉ። ስታንድባዩን ለንባብ ከፍቶ ሎጉን እየተቀበለ እንዲቀጥል ማድረግ አክቲቭ ዳታ ጋርድ ነው፣ እሱም የራሱ ላይሰንስ አለው። ያለ ላይሰንስ የሚቻለው የሎግ አቀባበሉን አቁሞ መክፈት፣ አንብቦ መዝጋት፣ ከዚያ ማስቀጠል ነው። ያ ሲሆን በዚያ ሰዓት የአደጋ መከላከያው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ደንበኛው አውቆ ይፈርምበት።

ሰንጠረዥ

እሺ። እንግዲህ ፕላትፎርሙ ላይ እንምጣ። ከማጣራቱ በኋላ 2 ቴራባይት ፓርኬ፣ ቀን የሚጠቀሙት 30 ሰዎችና 40 ቅርንጫፎች ቢሆኑ ስኖውፍሌክ ወይስ የጎግሉ ቢግኩዌሪ?

ቆጣሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁለቱም ይችሉታል፤ የሚለያዩት ሒሳቡ በሚያመልጥበት መንገድ ነው።

ስኖውፍሌክ የሚያስከፍለው ዌርሃውሱ (ኩዌሪውን የሚሠራው ማሽን) ለበራበት ጊዜ ነው። ኤክስ-ስሞል በሰዓት 1 ክሬዲት፣ ስሞል 2፣ ሚዲየም 4፣ እንዲህ እየተባዛ ይሄዳል። ሌሊት ሚዲየም ለ3 ሰዓት በወር 30 ቀን 360 ክሬዲት፤ ቀን ስሞል ለ8 ሰዓት በ26 የሥራ ቀን 416። ድምር 776። ክሬዲቱን በ3 ዶላር ብናስብ 2,328 ዶላር በወር፤ ትክክለኛውን ዋጋ ከኤዲሽኑና ከሪጅኑ ውሰድ። ማከማቻው ከዚህ አንጻር ትንሽ ነው። የሚያመልጠው እንዲህ ነው፦ አንድ ዳሽቦርድ በየ5 ደቂቃው ራሱን ያድሳል፣ ዌርሃውሱ ደግሞ ሥራ ሲፈታ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲተኛ ተደርጓል። አይተኛም። 3 ሰከንድ ለሚፈጅ ኩዌሪ ኤክስ-ስሞሉ እንኳ በቀን 24 ክሬዲት ይበላል። መተኛውን 60 ሰከንድ አድርግ፤ በተነሳ ቁጥር ግን ቢያንስ የ60 ሰከንድ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ከዚያ በታች ማውረዱ ትርፍ የለውም። ዳሽቦርዱን በሰዓት አንዴ አድርገው፤ ዳታው የሚገባው ሌሊት ብቻ ከሆነ በየ5 ደቂቃው ምን ያያሉ?

ቢግኩዌሪ በነባሪው ለተነበበ ዳታ ያስከፍላል፤ በአሜሪካ ሪጅን በቴራባይት 6.25 ዶላር። 0.4 ቴራባይት የሚያነብ ሪፖርት በአንድ መክፈቻ 2.50 ዶላር ነው። 20 ቅርንጫፍ በቀን ሦስት ሦስት ጊዜ ከከፈተው 60 ጊዜ፣ 150 ዶላር፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ሪፖርት። ሰው "ሊሚት 100 (መቶ ረድፍ ብቻ አሳይ) ጨምሬበታለሁ" ይላል፤ ክላስተር ባልተደረገ (በተመረጠ ዓምድ ባልተደረደረ) ሰንጠረዥ ላይ ሊሚት የሚነበበውን አይቀንስም። የሚቀንሰው በወር ፓርቲሽን፣ በቅርንጫፍ ክላስተር፣ ያለ ቀን ማጣሪያ ኩዌሪ እንዳይሮጥ መከልከልና በኩዌሪ ከፍተኛ የንባብ ገደብ ማስቀመጥ ነው። አራቱንም በመጀመሪያው ቀን።

ፓርቲሽኑን በቅርንጫፍና በሰዓት ለማድረግ እንዳትፈተን። 40 ቅርንጫፍ በ24 ሰዓት በ365 ቀን 350,400 ፋይል ነው፣ ለአንድ ሰንጠረዥ። ኩዌሪው ጊዜውን የሚያጠፋው ፋይል በመክፈትና በመዝጋት ይሆናል። ፋይሉ ከ128 እስከ 512 ሜጋባይት እንዲሆን አድርገህ ፓርቲሽኑን ከዚያ ተነስተህ ወስን።

ባለ_ድንኳን

ይቅርታ አድርጉልኝና ለ2 ቴራባይትና ለ30 ሰው አንድ ጥሩ ሰርቨርና ፖስትግሬስ አይበቃም? ለምን በዶላር?

ቆጣሪው

ሊበቃ ይችላል፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። የዲዛይን ሰነዱ ላይ "ባለበት መቆየት" እና "አገር ውስጥ ማደስ" የሚሉ ሁለት አማራጮች ከነወጪያቸው መኖር አለባቸው፤ ያለዚያ ሰነዱ የሽያጭ ወረቀት ነው። የኦራክሉን ዓመታዊ የሰፖርት ክፍያ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ፣ የዲስክ መተኪያና የዲቢኤ ደመወዝ በአንድ በኩል፣ የክላውዱን በሌላ በኩል፣ ለ3 ዓመት አስልተህ አቅርብ።

የዶላሩ ነገር ግን የራሱ ገጽ ይገባዋል። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተጻፈ የክላውድ ግምት ወር ሳይሞላው ሊያረጅ ይችላል። ግምቱን በዶላር ጻፍ፣ ብሩን ከነምንዛሪ ቀኑ ከጎኑ አድርግ። የውጭ ምንዛሪውን ማን፣ ከየትኛው ባንክ፣ በየስንት ጊዜ እንደሚከፍል በስም የተጻፈ ኃላፊ ይኑረው። ያልተከፈለ አካውንት ይታገዳል፤ የሌሊቱ ጭነት የሚቆመው በቴክኒክ ችግር ሳይሆን በደረሰኝ ይሆናል። ዓመቱን ቀድሞ መክፈል ወይም በሻጭ በኩል በብር መክፈል ይቻል እንደሆነ በሁለተኛው ሳምንት ጠይቁ። የወጪ ማንቂያውን በ50፣ በ80 እና በ100 በመቶ አድርጉ፤ ኢሜይሉም ለአይቲ ብቻ ሳይሆን ለፋይናንስም ይሂድ።

ነጭ_ሰሌዳ

የአማካሪነቱ ጎን ተረሳ። 6 ሳምንት ማለት ያንተ 30 የሥራ ቀን ነው። አንድ ዳታ ኢንጂነር ለ15 ቀን፣ ከደንበኛው ፋይናንስ አንድ ሰው ለ6 ግማሽ ቀን ካልተያዘልህ ቁጥሮቹን የሚያረጋግጥልህ አይኖርም። የፋይናንሱን ሰው ውሉ ላይ በስም አስገባ።

ግምታዊ አስተሳሰቦችህን በአንድ ገጽ ላይ ቁጥር ሰጥተህ ጻፍ። "የዳታቤዝ የንባብ ፈቃድ እስከ 3ኛው ቀን ይሰጣል" አንዱ ነው። ከጎኑ፦ አንድ ቀን ከዘገየ ማስረከቢያውም አንድ ቀን ይገፋል። ይህች ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈች አራተኛው ሳምንት ላይ ፓስወርድ እየጠበቅህ የዘገየኸው አንተ ትባላለህ። ክፍያውን ከሰነድ ርክክብ ጋር እሰር እንጂ "ሲስተሙ ሲሠራ" ከሚል ጋር አታስረው፤ አንተ ያልገነባኸው ሲስተም መቼ እንደሚሠራ አታውቅም።

እያንዳንዱን ውሳኔ በአንድ ገጽ መዝግብ፦ ምን ተወሰነ፣ ምን ምን ተጣለ፣ ለምን፣ ምን ዋጋ ያስከፍላል፣ ማን ተስማማ፣ መቼ። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ የአይቲ ኃላፊ መጥቶ "ይህን ማን መረጠ?" ሲል የሚመለሰው ከዚያ ነው።

የክላውድ አካውንቱ የሚከፈተው በደንበኛው ኢሜይል ነው፤ ያውም የአንድ ሰው ሳይሆን የክፍል ኢሜይል፣ የማረጋገጫ መሣሪያው በካዝናቸው። የቴራፎርሙ (ክላውዱን በኮድ የሚገነባው መሣሪያ) ስቴት ፋይልም በእነሱ ባኬት ውስጥ ይቀመጥ። ያንተ ሰዎች የሚገቡት ጊዜ ገደብ ባለው ሮል (የመግቢያ ፈቃድ) ነው።

140ውን ሪፖርት ደግሞ በጅምላ አትገምት። ከሎጉ የማይከፈቱትን አውጣ፤ የቀሩትን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብለህ ክፈል፤ ከየምድቡ ሁለት ሁለት ወስደህ ሥራና ጊዜውን ለካ። ከባድ የሚባለው ውስጡ ባለ 2,000 መስመር ፒ.ኤል.ኤስ.ኪው.ኤል (የኦራክል ፕሮግራም ቋንቋ) ያለው ነው፤ እሱ የሪፖርት ሳይሆን የፕሮግራም ሥራ ነው።

ሰንጠረዥ

በጣም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ደንበኛው አዲሱ ሲስተም ለዓመት መዝጊያ እንዲደርስ ይፈልጋል፤ በጁን መጨረሻ። ከዲዛይኑ በኋላ ግንባታው 5 ወር ይወስዳል። የመሸጋገሪያ ቀን እንዴት ይቀመጥ?

ጳጉሜ_13

ጁን ላይ አትሸጋገሩ። ፋይናንሱ ራሱን የማያውቅበት ወር ነው፤ ልዩነት ቢገኝ የሚያጣራ ሰው አታገኝም። ዓመቱን በኦራክል ይዝጉ። ጁላይና ኦገስት ሁለቱ ሲስተሞች ጎን ለጎን ይሂዱ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ይቀጥሉ፤ ያኔ ሁለት ተራ የወር መዝጊያና አንድ የሩብ ዓመት መዝጊያ ታያለህ። በየወሩ የሚነጻጸረው የረድፍ ብዛት፣ የአረቦንና የካሳ ድምር በቅርንጫፍና በመድን ዓይነት፣ ትንሹና ትልቁ ቀን፣ ባዶ የሆኑት ብዛት ነው። ድምሩ እስከ ሳንቲም መግጠም አለበት። ልዩነት ሲገኝ ከሁለት አንዱ ነው፦ አዲሱ ተሳስቷል ወይም አሮጌው ሲሳሳት ኖሯል። ሁለተኛው ከሆነ ፋይናንሱ ይፈርምበት፣ አንተ በራስህ አታስተካክለው።

ቆጣሪው

ሴፕቴምበር 30 መስከረም 20 ነው፤ አዲስ ዓመትና መስቀል መሐል ስለሚገቡ የማነጻጸሪያ ስብሰባዎቹን ከወዲሁ ቀን ቁረጡላቸው። መሸጋገሪያውን ከጥቅምት መጀመሪያ በኋላ አድርጉና ኦራክሉን ለንባብ ብቻ ክፍት አድርጋችሁ 90 ቀን አቆዩት። ላይሰንሱ በዚያ መሐል የሚታደስ ከሆነ የ90 ቀኑን ወጪ የ3 ዓመቱ ሒሳብ ላይ አስገባው፤ ሁልጊዜ የሚረሳው መስመር እሱ ነው።